የአፈርን አቅም በቀመር መገመት

የአስፋልት መንገድ ውፍረትን ከሚወስኑት ነገሮች ዋነኛው ከሥሩ ያለው አፈር ሊሸከም የሚችለው ጭነት ነው። ይህን አቅም ለመለካት የታወቀው ዘዴ በካሊፎርኒያ የተጀመረው የሲቢአር ፍተሻ ነው። የተጠቀጠቀ አፈር አብዛኛውን ጊዜ 4 ቀን ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያም የብረት ዘንግ ሲገፋበት የሚያሳየው መቋቋም ከተፈጨ ድንጋይ ጋር በመቶኛ ይነጻጸራል። በአንጻሩ የደቃቁን አፈር መጠን በወንፊት መለየትና አፈሩ በምን ያህል ውሃ ወደ ጭቃ እንደሚለወጥ ማወቅ ቀላልና ርካሽ ነው። መሐንዲሶች ከእነዚህ ልኬቶች ሲቢአርን የሚገምቱ ቀመሮች ያወጡትም ለዚህ ነው። ግምቱ መሠረት አለው፤ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ እንዳለው ጥቁር አፈር ደቃቅነቱ የበዛ ሸክላ ውሃ ሲጠግብ ያብጣል፣ ይደክማል።

«እንግዲያው ፍተሻው ይቅር» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ቀመር የሚታመነው በተጠናበት አፈር ላይ ነው፤ ከቀይ አፈር የተገኘው ለጥቁሩ ላይሠራ ይችላል። አንድ ዓይነት አፈር እንኳ እንደ አጠቃቀጡና እንደ እርጥበቱ የተለያየ ውጤት ይሰጣል። ቀመሩን ጨርሶ መጣልም ብክነት ነው፤ በረጅም መንገድ ላይ ደካማውን ቦታ ቀድሞ ያመለክታል። ስለዚህ ቀመሩ ለፍተሻ የት እንደሚቆፈር ይጠቁም፣ የአስፋልቱን ውፍረት ግን ፍተሻው ይወስን።