ከሐይቁ አጠገብ ያለው ግቢ

ሰላም፦ የዩኒቨርሲቲ ውሃ ቁጠባ ሲነሳ ቀድሞ የሚታየኝ ሐረማያ ነው። ሐረርን ሲያጠጣ የኖረው ሐይቅ እዚያው ግቢው አጠገብ በ1990ዎቹ መገባደጃ ደረቀ!

ዳዊት፦ ተማሪው ምን በወጣው? የጨረሰው ለጫትና ለአትክልት የተሳበው ውሃ፣ ከዳገቱ የወረደው ደለል ነው።

ሰላም፦ እሱስ ልክ ነህ። ኋላም ውሃው ተመልሷል። ግን የከርሰ ምድሩን ውሃ ገበሬውም ከተማውም ግቢውም ነው የሚጋራው።

ዳዊት፦ እሺ፣ ከየት ይጀመር? «ውሃ ቆጥቡ» የሚል ወረቀት ለጥፉ እንዳትይኝ።

ሰላም፦ ኧረ በጭራሽ! ከጥገና ነው። በየሰከንዱ አንድ ጠብታ የሚጥል ቧንቧ በቀን ከ20 ሊትር በላይ ያፈሳል። አንድ ጀሪካን ሙሉ!

ዳዊት፦ ሽንት ቤቱም አለ። የድሮው በአንድ ጊዜ 9 ሊትርና ከዚያ በላይ ይለቃል፤ ባለ ሁለት ቁልፉ በ3 ወይም በ6 ይጨርሳል።

ሰላም፦ እኔን ግን የሚያንገበግበኝ የፈረቃው ነገር ነው። ውሃ ሲጠፋ ቧንቧው ተከፍቶ ይተዋል፣ ሌሊት ሲመጣ እስኪነጋ ይፈሳል።

ዳዊት፦ እዚህ ላይ ለተማሪው እከራከራለሁ። መቼ እንደሚመጣ የሚነግረው ከሌለ ምን ያድርግ?

ሰላም፦ መዝጋት ነዋ!

ዳዊት፦ ይዝጋ፣ ግን ፈረቃውም ይነገረው። ለየዶርም ሕንፃው ቆጣሪ ይግባ፤ ሁሉም ተኝቶ ሳለ ቆጣሪው ከዞረ የሆነ ቦታ ይፈሳል ማለት ነው።

ሰላም፦ በዚህስ ተስማማን። ቆጣሪውን በየሌሊቱ የሚያነብ ሰውም ይመደብ።