ያረጀ ሞተር ሲያንኳኳ፦ የድምፅ ምርመራና አነስተኛ ወጪ የሚጠይቅ ጥገና

(ለሕዝብ የቀረበ ገለጻ ሙሉ ቃል)



በዛሬው ገለጻዬ የማነሣው ጥያቄ አጭር ነው። አንድ ያረጀ ሞተር ብስክሌት ከሞተሩ ያልተለመደ ድምፅ ሲያሰማ፣ ሞተሩን ሳንፈታ ስለ ሕመሙ ምን ያህል ማወቅ እንችላለን? ዕቃ በማመላለስ የሚተዳደር ሰው «ኮሎው ሄዷል» የሚል ፍርድ ሲሰማ፣ የሚያስበው ስለ ብረት አይደለም፤ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት ነው። ፍርዱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን ከምርመራው በፊት የተሰጠ ፍርድ ነው።

ለምሳሌነት የምወስደው ሆንዳ ሲጂ 125ን ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ለገበያ የቀረበ፣ ባለ አንድ ሲሊንደርና በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 56.5 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 49.5 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ይዘቱ 124 ሴንቲሜትር ኩብ ይሆናል። ንድፉን የተከተሉ በቻይና የተሠሩ ሞተሮችም በብዙ አገር ይሽከረከራሉ። ሲነደፍ የታሰበው ዘይት በወቅቱ ለማይለወጥበትና ጭነት ለሚበዛበት አገልግሎት ነበር። ስለዚህ ካምሻፍቱ ከቴስታታው ወርዶ ከታች ተቀመጠ፤ ሮከሮቹን የሚገፉትም ረጃጅም ዘንጎች ሆኑ። ይህ ለመርማሪው ትልቅ እፎይታ ነው፤ ካምሻፍቱን የሚያዞር ካቴና በውስጡ የለምና። ያም ሆኖ ለዚሁ ለሌለው ካቴና ዋጋ የተጠየቀ ሰው አጋጥሞኛል።

ወደ ሞተሩ ከመግባታችን በፊት ሞተሩ ያልሆነውን ነገር ሁሉ እናስወግድ። ሞተሩን አጥፍተን ብስክሌቱን እየገፋን ስንሄድ ድምፁ ከቀጠለ፣ ጥፋቱ የመንጃው ካቴና ወይም የጎማ ኩሽኔታ ነው። ሞተሩ እየሠራ የፍሪሲዮኑን እጀታ ስንጨብጥ ድምፁ ከተለወጠ፣ ወደ ፍሪሲዮኑ እንመለከታለን። የላላ የሞተር መያዣ ቡሎንና የማርሚታ መከለያም እንደ ከባድ ሕመም ሊሰሙ ይችላሉ። ይህ ሁሉ ፍተሻ ከአንድ ቁልፍ በቀር ምንም አይጠይቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በአራት ምት ሞተር ኮሎው ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል። ሞተሩ በሚኒሞ በደቂቃ 1,400 ጊዜ ቢዞር፣ እያንዳንዱ ቫልቭ የሚከፈተው 700 ጊዜ ነው፤ በሴኮንድ 12 ያህል ማለት ነው። ኮሎውን ተከትሎ የሚመጣ ምት ግን በሴኮንድ 23 ያህል ይሆናል። ጆሮ ይህን መቁጠር አይችልም፤ ማነጻጸር ግን ይችላል። ማነጻጸሪያውም የማርሚታው ትንፋሽ ነው። ጭሱም በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ነው የሚወጣው። ውጭ ሜዳ ላይ ቆማችሁ፣ እጃችሁን ከማርሚታው አፍ አንድ ክንድ ያህል አርቃችሁ ትንፋሹን ዳስሱ። ለአንድ ትንፋሽ አንድ ምት ከተሰማ፣ ድምፁ ከቫልቭ ወገን ነው፤ ወይም እንደ ጭስ መሾለክ ካሉ ከማቃጠል ጋር ከተያያዙ ነገሮች ነው። ሁለት ምት ከተሰማ ጥርጣሬው ወደ ኮሎውና ወደ ቢየላው ይዞራል።

ጊዜውን ካወቅን በኋላ ቦታውን እንፈልጋለን። ፈረንሳዊው ሐኪም ሬኔ ላኤኔክ እ.ኤ.አ. በ1816 ወረቀት ጠቅልሎ በታካሚው ደረት ላይ እንዳስቀመጠ ሁሉ፣ መካኒኩም ረጅም ካቻቢቴ አለው። ጫፉን በሞተሩ አካል ላይ፣ እጀታውን በጆሮው አጥንት ላይ ያሳርፋል። ከቴስታታው ወደ ሲሊንደሩ፣ ከዚያም ወደ ኮሎው ቤት ሲወርድ ድምፁ የት እንደሚጎላ ይሰማዋል።

ከላይ የሚሰማ፣ ስለታም፣ ለአንድ ትንፋሽ አንድ የሆነ ቀጭጭታ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ነገሮች አንዱ ነው። የመጀመሪያው ማርሚታው ከቴስታታው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጭስ መሾለኩ ነው። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ የሳሙና ውኃ ቀብተን ብናስነሣው አረፋው ይነግረናል፤ ጥቁር የጥላሸት ምልክትም ይታያል። መድኃኒቱ አንዲት የጓርኒሲዮን ቀለበትና የሁለት ዳዶዎች ማጥበቅ ነው። ሁለተኛው የቫልቭ ክፍተት መስፋት ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። የዚህ ሞተር የቫልቭ ክፍተት፣ ለመሳቢያውም ለማስወጫውም፣ ሞተሩ ፈጽሞ ቀዝቅዞ ሳለ 0.08 ሚሊሜትር ነው። በየቢሮው ከምንጽፍበት ወረቀት ውፍረት ጥቂት ያንሳል። በቮላኖው ላይ የተቀረጸውን የ«ቲ» ምልክት ከአመልካቹ ጋር እናገጥማለን። ሁለቱም ሮከሮች በእጅ ሲነቀነቁ ልል ከሆኑ ፒስተኑ በእመቃው መጨረሻ ላይ ነው፤ አለዚያ አንድ ዙር እንጨምራለን። ከዚያ የክፍተት መለኪያውን ስስ ብረት አስገብተን እናስተካክላለን። መለኪያው ርካሽ ነው፤ ሥራውም ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ፈተናው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከተስተካከለ በኋላም ጥቂት ቀጭጭታ ይቀራል፤ ባለቤቱም ፈጽሞ ጸጥ እንዲልለት ይፈልጋል። ይህን ስሕተት እኔው ራሴ ፈጽሜዋለሁ። ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ አጠበቅሁት፤ ሞተሩም ደስ የሚል ጸጥታ ሰጠኝ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጠዋት ጠዋት አልነሣ አለ። የማስወጫው ቫልቭ ሲሞቅ ይረዝማል፤ ክፍተት ካጣ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ቫልቩ ሙቀቱን ለቴስታታው የሚያስረክበው ደግሞ በሚዘጋበት ቅጽበት ነው። የእኔው ቫልቭ ከንፈሩ ተቃጥሎ ተገኘ። በነጻ ልተወው የምችለውን ድምፅ ለማጥፋት ስል ቴስታታ አስወርጄ፣ ቫልቭ ገዝቼ፣ መቀመጫውን አስፍቄ ከፈልሁ። ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው በዚህ ሞተር ላይ ጥቂት የሚያንቀጫቅጭ ቫልቭ አያስፈራኝም፣ ጸጥ ያለው ነው የሚያሳስበኝ እያልሁ ነው።

ከመሐል የሚሰማ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የሚጎላና ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ሲላተም የሚመጣ ነው። ዘይት ካልበላና ጉልበቱ ካልወረደ በዚሁ ሁኔታ ብዙ ሊያገለግል ይችላል።

ከታች የሚሰማና ጭነት ሲበዛ የሚከብድ ድፍን ምት ግን ሌላ ነው። የቢየላው የታችኛው ኩሽኔታ ካለቀ ርካሽ መፍትሔ የለውም። መንዳት መቆም አለበት፤ ቢየላው ቢበጠስ የሞተሩን ቤት ሰብሮ ሊወጣ ይችላልና። ነገር ግን ፍርዱ ከመጽደቁ በፊት ባለቤቱ አንድ ነገር ይጠይቅ። ሲሊንደሩ ወጥቶ ቢየላው ሲታይ፣ ወደ ጎን መንቀሳቀሱ ሲነደፍ የተሰጠው ነው። ይህንኑ እያወዛወዘ «አየኸው?» የሚል ሰው ማስረጃ አላቀረበም። ማስረጃ የሚሆነው ቢየላው ወደ ላይና ወደ ታች ሲሳብ የሚሰማ ልልነት ነው።

ስለ ዘይት አንድ ነገር ላክል። ይህ ሞተር የሚለወጥ የዘይት ማጣሪያ የለውም፤ ያለው የሽቦ ወንፊትና በኮሎው ጫፍ ላይ የሚሽከረከር ማጣሪያ ነው። ስለዚህ ከጥገና ሁሉ ርካሹ ዘይቱን በወቅቱ መለወጥ ነው። ወፍራም ዘይት ጨምሮ ድምፅን ማፈን ግን ጥገና አይደለም፤ መበላቱ ይቀጥላል፣ የሚጠፋው ማስጠንቀቂያው ብቻ ነው። ያገለገለ ሞተር ብስክሌት ልትገዙ ስትሄዱ ከሰላምታ በኋላ እጃችሁን ወደ ሞተሩ አስጠጉ። ሞቆ ከጠበቃችሁ፣ ቀጠሮውን ለነገ ጠዋት አዛውሩት።

ሞተሩ ከአዳራሹ ውጭ በግቢው ውስጥ ቆሟል። ከትናንት ማታ ጀምሮ አልተነሣም። ካቻቢቴዎቹም በጠረጴዛው ላይ አሉ። ጥፋቱ ምን እንደሆነ ለጊዜው አልናገርም፤ እናንተው አዳምጡና ንገሩኝ። ጥያቄዎቻችሁንም እዚያው እቀበላለሁ።