ምስክር የሌለው ነፃነት፦ ከታክስ ነፃ የመሆን ማረጋገጫና የነጋዴው መዝገብ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰማ ንግግር)




በዚህ ጉባኤ ፊት እንድናገር በተጋበዝሁ ጊዜ ሰፊ ርእስ ለመምረጥ ቃጥቶኝ ነበር። በኋላ ግን ሳስበው፣ በሙያዬ ዘመን ከማንኛውም ትልቅ ነገር ይልቅ ብዙ ያስተማረችኝ አንዲት ትንሽ ወረቀት መሆንዋን ተረዳሁ። ይህችም ገዢው «እኔ ከታክስ ነፃ ነኝ» ብሎ ለሻጩ የሚሰጣት ደብዳቤ ናት። እርስዋን የተማርሁትም በትልቅ ከተማ ሳይሆን፣ ከጉና ተራራ በስተምሥራቅና በስተደቡብ ባለው አገር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ስሠራ ነው።

ጋይንት የምስክር አገር እንደ ሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የድጓ ተማሪ የቱንም ያህል ድምፁ ቢያምር፣ የቱንም ያህል ዓመት ቆሎ ለምኖ ቢማር፣ ቤተልሔም ገብቶ ካላስመሰከረ በሊቃውንቱ ዘንድ የድጓ መምህር ተብሎ አይቆጠርም። ዝማሬና መዋሥዕት የተማረውም እንዲሁ ምስክርነቱን የሚያገኘው ከዙር አምባ ነው። «ዐውቃለሁ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ የማወቁ ምስክር ሊኖር ይገባል። እኛ የሒሳብ ሰዎችም ከዚህ ጥንታዊ ሥርዓት የምንማረው አለን። «ነፃ ነኝ» ማለትም እንደዚሁ ምስክር ያሻዋል።

እንደሚታወቀው የሽያጭና የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 68/1985 ለዓመታት ሲሠራበት ቆይቶ፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ በአዋጅ ቁጥር 285/1994 ተደንግጎ ከታኅሣሥ ወር 1995 ዓ.ም. ጀምሮ በ15 በመቶ ይሰበሰብ ጀመር። ዛሬ ይህ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1341/2016 ተተክቷል። በአሮጌው ሕግም ሆነ በአዲሱ ግን መሠረቱ አንድ ነው። ታክሱን የሚሸከመው ገዢው ነው፤ ሰብስቦ ለመንግሥት የሚያስገባው ግን ሻጩ ነው። ስለዚህ ሻጩ ሳይሰበስብ የቀረ እንደ ሆነ፣ ያልሰበሰበበትን ምክንያት የማስረዳቱ ግዴታ በራሱ ላይ ይወድቃል። ምክንያቱን ማስረዳት ካልቻለ፣ ከገዢው ያልተቀበለውን ገንዘብ ከራሱ ኪስ ይከፍላል።

አሁን የማወራላችሁ ነገር እኔም ጥፋት ያለብኝ ስለ ሆነ በጥሞና እንድትሰሙኝ እለምናለሁ።

ታክሱ ከተጀመረ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ በዚያው አገር ባለች አንዲት የወረዳ ከተማ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶና ሚስማር የሚነግዱ አንድ ሽማግሌ ሒሳባቸውን እይዝላቸው ነበር። አገሩ ድርቅ የደጋገመው ነው። የምግብ ዋስትናው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የገባበት፣ የእርዳታ ድርጅቶችም በየጊዜው እየተመላለሱ እርከን የሚያሠሩበት፣ ምንጭ የሚያጐለብቱበት፣ የትምህርት ቤት ክፍል የሚያሠሩበት ነው። ለዚህ ሁሉ ሥራ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ያስፈልጋል፤ ከወረታ ወደ ወልድያ በሚያልፈው መንገድ ዳር ያለው ነጋዴም የዚህ ገበያ ተካፋይ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ፕሮጀክት የ400,000 ብር የግንባታ ዕቃ ከእኒህ ሰው ገዛ። የግዢ ሠራተኛውም ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ አሳይቶ «ድርጅታችን ከቀረጥና ከታክስ ነፃ ነው» አለ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ ለተራበ ሰው በሚሄድ ቆርቆሮ ላይ ታክስ ብጠይቅ አገር ምን ይለኛል?» አሉኝ። እኔም የደብዳቤውን ራስጌና ማኅተም ብቻ አይቼ፣ «ጋሼ፣ ወረቀቱ እስካለ ድረስ ግድ የለም» አልኋቸው። ሽያጩን «ነፃ ሽያጭ» ብዬ መዘገብሁት፤ የደብዳቤውንም ቅጂ ከጥራዙ ጀርባ በስፒል አያያዝሁት።

ከሦስት ዓመት በኋላ የሒሳብ መርማሪዎች መጡ። ዐይናቸውን የሳበው መጀመሪያ ደብዳቤው አልነበረም። ሽያጩን ነፃ ብለን አስታውቀን ሳለ፣ የዚያኑ ዕቃ ግዢ ታክስ ግን በወርኃዊው ማስታወቂያችን ላይ ተቀናሽ አድርገን መጠየቃችን ነበር። ቀጥለው ደብዳቤውን ጠየቁ። አውጥቼ ሳነበው ግን ምንኛ አፈርሁ! ደብዳቤው የተጻፈው ለጉምሩክ ነው። የፈቀደውም ፕሮጀክቱ ከውጭ አገር የሚያስገባቸውን ተሽከርካሪዎችና መሣሪያዎች ነው። በአገር ውስጥ ገበያ ስለሚገዛ ቆርቆሮ አንድም ቃል አልነበረበትም። ፕሮጀክቱ በዚያን ጊዜ ሥራውን ጨርሶ ተዘግቶ፣ ሠራተኞቹም ተበትነው ነበር። የ400,000 ብር ሽያጭ ታክስ 60,000 ብር ነው፤ በዚያ ላይ ወለድና መቀጫ ታከለ። ሽማግሌው ዕቃ የሚያመላልሱባትን አሮጌ አይሱዙ ሸጠው ከፈሉ። አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። እስከ ዛሬ የሚከብደኝም ይኸው ዝምታቸው ነው።

ባልደረቦቼ፣ ከዚህ ነገር ሦስት ጥያቄዎችን ተምሬአለሁ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም የነፃነት ደብዳቤ ሲቀርብልኝ ሦስቱንም ሳልጠይቅ አላልፍም።

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ነፃነቱ የማን ነው? የሚል ነው። አንዳንዱ ነፃነት የዕቃው ወይም የአገልግሎቱ ነው። ባንክ ለሚሰጠው የብድር አገልግሎት፣ ትምህርት ቤት ለሚያስተምረው ትምህርት ሕጉ ራሱ ነፃነት ሲሰጥ፣ ተጠቃሚው ማንም ይሁን ማን ደብዳቤ አያስፈልገውም። ሌላው ነፃነት ግን የገዢው ነው፤ በሕግ ወይም መንግሥት በተዋዋለው ስምምነት ለአንድ ድርጅት ወይም ለአንድ ፕሮጀክት የተሰጠ ነው። ይህ ያለ ደብዳቤ አይሠራም፤ ወደ ሌላ ሰውም አይተላለፍም። የፕሮጀክቱ ሥራ ተቋራጭ በራሱ ስም ሲገዛ የፕሮጀክቱን ደብዳቤ ቢያቀርብ፣ ነፃነቱ የእርሱ ለመሆኑ ደብዳቤው በግልጽ መናገር አለበት። ነፃ የማድረግ ሥልጣንም የሕጉና ሕጉ ሥልጣን የሰጠው የገንዘብ ሚኒስቴር እንጂ፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ወይም የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ነፃነቱ እስከ ምን ድረስ ነው? የሚል ነው። ከቀረጥ ነፃ ማለት ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ማለት አይደለም፤ ወደ አገር ለሚገባ ዕቃ የተፈቀደም በአገር ውስጥ ለሚገዛ ዕቃ ተፈቅዷል ማለት አይደለም። በ285/1994 አዋጅ አንቀጽ 8 ውስጥ ስለ ፕሮጀክቶች የተጻፈው ከውጭ ስለሚያስገቧቸው ዕቃዎች ነበር። እኔ ያላነበብሁት ይህንኑ ነው። በዚህ ላይ ዐዲሱ አዋጅ የነፃዎቹን ዝርዝር ስላሻሻለው፣ የአሮጌውን ዝርዝር በቃል ይዞ የሚሠራ ሰው ባልንጀራዬ ያደረገኝን ስሕተት ሊደግም ይችላል።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ነፃነቱ እስከ መቼ ነው? የሚል ነው። ፕሮጀክት ይጀመራል፣ ያልቃልም። ደብዳቤው ግን በፋይል ውስጥ እንደ ትናንት ጽሑፍ ሆኖ ይቀመጣል። ቀኑ ያለፈበት ደብዳቤ ደግሞ እንደሌለ ይቆጠራል።

እዚህ ላይ ብዙ ነጋዴዎች የማያስተውሉትን አንድ የሒሳብ ነገር ላስረዳ። ከታክስ ነፃ የሆነ ሽያጭና በዜሮ ምጣኔ ታክስ የሚጣልበት ሽያጭ ለገዢው አንድ ይመስላሉ፤ በሁለቱም ታክስ አይከፍልምና። ለሻጩ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ። ሰሊጥ ወደ ውጭ አገር የሚልክ ነጋዴ ሽያጩ በዜሮ ምጣኔ ስለሚታሰብ፣ ለሥራው በገዛቸው ዕቃዎች ላይ የከፈለው ታክስ ተመላሽ ይሆንለታል። ነፃ ሽያጭ የሚሸጥ ግን ይህ መብት የለውም። ለምሳሌ በ100,000 ብር ሲሚንቶ ገዝቶ 15,000 ብር ታክስ የከፈለ ነጋዴ፣ ያንኑ ሲሚንቶ በነፃ ሽያጭ በ110,000 ብር ቢሸጠው 10,000 ብር ያተረፈ ይመስለዋል። ነገር ግን የከፈለው 15,000 ብር ተቀናሽ ስለማይሆንለት ወጪው 115,000 ብር ነው፤ ስለዚህ 5,000 ብር ከስሯል። እንግዲህ ትክክለኛ የነፃነት ደብዳቤ በቀረበ ጊዜ እንኳ፣ ዋጋ ከመቁረጡ በፊት ይህን ማስላትና ለነጋዴው መንገር የእኛ ሥራ ነው።

አያያዙን በተመለከተ ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ መዝገብ ይበቃል። በመዝገቡ ላይ የደብዳቤው ቁጥርና ቀን፣ የጻፈው መሥሪያ ቤት፣ የባለመብቱ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የተፈቀደው የዕቃ ዓይነትና መጠን፣ የሚያበቃበት ቀን ይሰፍራል። ሽያጭ በተደረገ ቁጥር የደረሰኙ ቁጥርና የገንዘቡ ልክ ይመዘገባል፤ ከተፈቀደውም መጠን ተቀንሶ ቀሪው ይጻፋል። 500 ኩንታል የተፈቀደለት ገዢ በሦስት ጊዜ ገዝቶ 500 ከሞላ፣ በአራተኛው ጊዜ ታክስ ይከፍላል። የደብዳቤው ቅጂ ከዋናው ጋር ሳይመሳከር አይወሰድም፤ ደብዳቤው አጠራጣሪ ከሆነም የጻፈው መሥሪያ ቤት ይጠየቃል። በየወሩ መጨረሻ የመዝገቡ ድምርና በታክስ ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ነፃ ሽያጭ መተካከል ይኖርባቸዋል። የግዢውም ታክስ በዚያው ልክ ከተቀናሹ መውጣቱ ይረጋገጣል።

ደብዳቤው ካልቀረበ ወይም ከሦስቱ ጥያቄዎች አንዱ መልስ ካጣ፣ ሻጩ ታክሱን መጠየቅ አለበት። ይህ ጭካኔ አይደለም። ገዢው በእውነት መብት ያለው ከሆነ መብቱን ከሚመለከተው ባለሥልጣን ዘንድ ይጠይቃል። ድርጅት ደብዳቤ ማስጻፍ ይችላል፤ የወረዳ ነጋዴ ግን የሦስት ዓመት ታክስ በአንድ ቀን መክፈል አይችልም። ለተራበው የሚሄደውም እርዳታ በባለሱቁ ኪሳራ ላይ ሊቆም አይገባውም።

በመጨረሻም ስለ ማስቀመጫው አንድ ቃል ልጨምር። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ የሰው ሕይወትና ክብር ተደፍሯል፤ ሱቁና መሥሪያ ቤቱም ተዘርፏል። ከዚያ ሁሉ ሐዘን ቀጥሎ የወረቀትን ነገር ማንሣት ያሳፍራል። ነገር ግን ከዘረፋ የተረፈው ነጋዴ ሥራውን እንደገና ሲጀምር፣ ያለፈ ሒሳቡን የሚመሰክርለት ወረቀት ሳይኖረው መቅረቱ ሁለተኛ ጕዳት ነው። የ285/1994 አዋጅ ሰነድ ለአሥር ዓመት እንዲጠበቅ ያዝዝ ነበር። አሥር ዓመት ደግሞ በአንድ ሣጥን ውስጥ ብቻ ለሚቀመጥ ወረቀት ረጅም ዘመን ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱ ደብዳቤና የመዝገቡ ሁለተኛ ቅጂ ከሱቁ ውጭ፣ ቢቻል በሌላ ከተማ፣ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር እንዲቀመጥ አጥብቄ እመክራለሁ።

ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የተናገርሁትን መዝገብ በአንድ ገጽ፣ በግልጽ አማርኛ አዘጋጅተን ለአርብ ገበያ፣ ለወገዳ፣ ለመካነ ኢየሱስና ለመሰሎቻቸው ከተሞች ነጋዴዎች ብናድል፣ ወጪው ጥቂት ነው፤ የሚያድነው ቤት ግን ብዙ ነው። እኔ በወጣትነቴ የአንዲት ደብዳቤ ራስጌና ማኅተም ብቻ አይቼ አለፍሁ። ከእናንተ መካከል ነገ በአንድ ወረዳ የነጋዴ ጠረጴዛ አጠገብ የሚቀመጠው ወጣት ግን መካከሉን ያንብብ።