ስሟ ሲጠራ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እዚህ ቦታ የምቆመው ብዙ ጊዜ የዓመቱን ሒሳብ ለማንበብ ነው። ዛሬ ግን ሰብሳቢያችን «ስለ ልጅሽ ምረቃ ንገሪን» ስላሉኝ ያለ ሪፖርት ቆሜያለሁ። ከወግ ይልቅ ቁጥር ይቀለኛልና ብሳሳት አትፍረዱብኝ።

ልጄ ባለፈው ሰኔ 12ኛ ክፍልን ጨረሰች። በምረቃው ዕለት ከወላጆች ጋር ተቀምጬ ተራዋን ስጠብቅ ቆየሁና ስሟ ተጠራ። እንደ አገራችን ልማድ ከስሟ ቀጥሎ የተጠራው የአባቷ ስም ነው። እሱ ልጅቷ የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለች ከቤት እንደወጣ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። እልል እያልኩ ድምፄ መሐል ላይ ተቋረጠ። «አሥራ ስድስት ዓመት ብቻዬን ያሳደግኳት እኔ፣ የሚጠራው የእሱ ስም» አልኩ በሆዴ። በደስታዬ ቀን እንዲህ ማሰቤ አሳፈረኝ። ዛሬ የምናገረው ይህንኑ ይዛ ዝም ያለች ሌላ እናት በመካከላችን እንደማትጠፋ ስለማውቅ ነው።

የወለድኳት በ19 ዓመቴ፣ የሒሳብ ዲፕሎማዬን አቋርጬ ነው። አባቷ ከሄደ በኋላ በሳምንት 2 ብር እየቆጠብኩ የገባሁበት ቡድን 600 ብር ባያበድረኝ ኖሮ አልመለስም ነበር። ኮሌጅ ስውል ልጄን ያቆዩልኝ እዚህ የተቀመጡ እናቶች ናቸው። በእኔ ምረቃ ቀን ልጄ ኩፍኝ ታማ ስለነበር ገዋን ሳልለብስ ቀረሁ። ዲፕሎማዬን ከሳምንት በኋላ በሬጅስትራር መስኮት ተቀበልኩ። ስለዚህ በሰኔው ቀን ያለቀስኩት ለእሷ ብቻ አልነበረም፤ መስኮቱ ጋ ለቆመችው ወጣትም ነበር።

ደስታዬ ስጋትም አለበት። ልጆቻችን የሚመረቁት ብሔራዊ ፈተናውን ሳይወስዱ ነው፤ ውጤቱም ገና አልወጣም። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። የሒሳብ ሰው ነኝና እነዚህን ቁጥሮች ላለማሰብ ብሞክርም አልችልም። ካላለፈች ግን ላለመቆጣት ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። የሪሜዲያል ትምህርት አለ፣ ቴክኒክና ሙያም አለ። እኔንም እንጀራ ያበላኝ ዲግሪ አይደለም።

ልጄ ለፈተናው አንሶላና ብርድ ልብሷን ይዛ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ስትሄድ ከእኔ ተለይታ ስታድር የመጀመሪያዋ ነበር። ያን ማታ ሳላስበው ለሁለት የሚበቃ እንጀራ ዘርግቼ ግማሹን ወደ መሶቡ መለስኩ። አሁን የምትመኘው ጅማ ዩኒቨርሲቲን ነው፤ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል። «እዚሁ አጠገቤ ምረጪ» ብዬ ብለምናት «እማ፣ ተማሪና ሂጂ ብለሽ አሳድገሽኝ የለ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

እኅቶቼ፣ ከሙያዬ አንድ ምክር ልስጥ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የወጪ መጋራት ክፍያው የሚከፈለው ተማሪው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ነው። ሻንጣው፣ ትራንስፖርቱና የኪስ ገንዘቡ ግን ያኔውኑ ከእናት እጅ ይጠበቃል። ልጄ 9ኛ ክፍል ስትገባ ጀምሬ በሳምንት 50 ብር ለብቻ አስቀምጫለሁ። በአራት ዓመት 10,400 ብር ሆነ። ብዙ አይደለም፤ ግን ሳንበደር እንሸኛታለን። ለምረቃ ድግስ ከቡድን መበደር ግን አልመክርም። እኛ ቤት ቡና ተፈላ፣ ዳቦ ተቆረሰ፤ በቃ።

በመጨረሻም ስለ አንድ ሸሚዝ ልንገራችሁ። በመጨረሻው የትምህርት ቀን ጓደኞቿ የዩኒፎርም ሸሚዟን በማርከር ሞልተውት መጣች። «ለጎረቤት ልጅ ይሆን ነበር» ብዬ ተቆጣኋት። የምረቃው ዕለት ማታ ያንኑ ሸሚዝ አምጥታ ምንም ያልተጻፈበትን የደረት ኪስ አሳየችኝ። «ይኼ ያንቺ ቦታ ነው፣ ስምሽን ጻፊበት» አለች። ቀኑን ሙሉ የክፍያ ሰነድ ስፈርም የምውለው ሴት እጄ ተንቀጠቀጠ። ሙሉ ስሜን ከነቀኑ ጻፍኩ።

ኪሱ ጠባብ ስለሆነ ነው እንጂ፣ እሷን አዝላችሁ ያሳደጋችሁ እናቶች ስማችሁ እዚያው ነበር የሚገባው። ስለዚህ ዛሬ እዚህ ተናገርኩት።