ሊያስተምር የሚሄድ አስቀድሞ ይማር
በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተነገረ ቃል



ይህን የኢዮቤልዩ በዓል በሰላም እንድናከብር የፈቀደልን እግዚአብሔር ይመስገን። በዚህ ቀን አንድ ቃል እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ፥ የደብሩን ታሪክ ከእኔ አብልጠው የሚተርኩ አባቶች መኖራቸውን ስለማውቅ፥ እኔ ስለ ልጆቻችን ልናገር ወደድሁ። ከዚህ ደብር ወጣቶች መካከል ትምህርታቸውን ጨርሰው፥ ደመወዝ ሳይሹ፥ ወደ ባዕድ አገር ሄደው በድኻ መንደር ለሚኖሩ ሰዎች ቋንቋ ለማስተማር የሚያስቡ አሉ። ከወላጆቻቸውም አንዳንዱ «የተባረከ ሐሳብ ነው» ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ «ለገዛ ወገኑ ሳያስተምር ምን ሊያደርግ ባሕር ይሻገራል?» ይላል። እኔ ለሁለቱም ወገን የምመልሰው አንድ ነገር ነው። ይኸውም፥ መሄዱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሊያስተምር የሚሄድ አስቀድሞ ሊያስተምራቸው ከሚሄድባቸው ሰዎች ይማር። ይህን የማይወድ የሆነ እንደ ሆነ ግን ቢቀር ይሻለዋል። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ሲሉ የተናገሩት ለካህን ብቻ አይደለም፤ መምህር ተብሎ ለመጠራት ለሚቸኵል ሁሉ ነው እንጂ።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ተስዓቱ ቅዱሳን ከሩቅ አገር ወደ አክሱም በመጡ ጊዜ፥ ትውፊታችን እንደሚነግረን፥ አስቀድመው የአገሩን ቋንቋና ልማድ ተማሩ፤ ከዚያም በኋላ መጻሕፍትን ወደ ግእዝ መለሱ፥ በየስፍራውም ተከፋፍለው አስተማሩ። አባ አረጋዊ በደብረ ዳሞ፥ አባ ገሪማ በመደራ፥ አባ አፍጼ በይሓ፥ አባ ጰንጠሌዎንም በአክሱም አጠገብ ተቀመጡ። ሕዝቡን «የእኛን ቋንቋ ካልተማርህ አናስተምርህም» አላሉትም፤ ራሳቸው የሕዝቡን ቋንቋ ተማሩ እንጂ። ስለዚህም ትምህርታቸው በእንግድነት አልቀረም፤ የአገር ሀብት ሆነ።

ከእኛም ወገን ወደ ባዕድ አገር ሄዶ ቋንቋ ያስተማረ አለ። ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ልናገር። በ1649 ዓ.ም. አባ ጎርጎርዮስ የተባሉ የመካነ ሥላሴ መነኵሴ በሮም ሳሉ ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል ጀርመናዊ ወጣት ሊቅ አገኛቸው። በ1652 ደግሞ ወደ ጎታ ከተማ ተጠርተው በመስፍኑ በኤርንስት ቤተ መንግሥት እየተቀመጡ ግእዝና አማርኛ አስተማሩት። በመጀመሪያ ሁለቱ የሚግባቡበት የጋራ ቋንቋ ግእዝ ብቻ ነበረ፤ ሉዶልፍም በመጽሐፍ ያወቀውን በአፍ መናገርን መልመድ ነበረበት። እንዲህ ቃል በቃል እየተፈላለጉ የሠሩት ሥራ ፍሬው ብዙ ሆነ፤ ሉዶልፍ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 አሳተመ። መምህሩ አባ ጎርጎርዮስ ግን ያን መጽሐፍ አላዩትም፤ በ1658 በባሕር ጕዞ ላይ ሳሉ መርከብ ተሰብሮ ዐርፈዋልና።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ ቁም ነገር አለ። በጎታ ባለ ጠጋው መስፍኑ፥ ምሁሩም ሉዶልፍ ነበረ፤ በቋንቋ በኩል ግን ችግረኛው ሉዶልፍ፥ ባለ ጠጋው ያ ስደተኛ መነኵሴ ነበሩ። ስለዚህ የገንዘብ ድኻ የሆነ ሁሉ የቃል ድኻ አይደለም። ወደ ድኻ መንደር የሚሄድ ወጣት ይህን የዘነጋ እንደ ሆነ፥ ገና ከመድረሱ ሥራውን አበላሸ ማለት ነው። የሚሄድባቸው ሰዎች ተረትና ምሳሌ፥ ሙሾና ምርቃት፥ የዳኝነት ወግ ያላቸው ናቸውና፤ የጐደላቸው የእርሱ ቋንቋ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። በእንግሊዝ አገር አሌክ ዲክሰንና ባለቤታቸው ሞራ በ1958 በጎ ፈቃደኞችን ወደ ድኻ አገሮች የሚልክ ማኅበር አቋቋሙ፤ መጀመሪያ የተላኩትም ገና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የፈጸሙ ልጆች ነበሩ። በ1961 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ የሰላም ጓድ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ድርጅቱ በሕግ ሲቋቋም ሦስት ዓላማ ተጻፈለት፤ አንደኛው ለሚፈልጉ አገሮች የሠለጠነ ሰው መስጠት፥ ሁለተኛው እነዚያ ሕዝቦች አሜሪካውያንን እንዲያውቁ ማድረግ፥ ሦስተኛውም አሜሪካውያን ሌሎችን ሕዝቦች እንዲያውቁ ማድረግ ነው። ልብ በሉ፤ ስለ መስጠት የሚናገረው አንዱ ብቻ ነው፥ ሁለቱ ስለ መተዋወቅ ይናገራሉ። በዚያው ዓመት 50 ያህል መምህራን ወደ ጋና ሄዱ፤ አክራም ላይ ከአውሮፕላን እንደ ወረዱ በተቀባዮቻቸው ፊት ቆመው በአገሩ ቋንቋ በትዊ ዘመሩ። ድምፃቸው የባዕድ ድምፅ ቢሆንም፥ አንድ ቃል ሳያስተምሩ የተማሩትን አስቀድመው አሳዩ።

ወደ እኛም አገር በ1962 በዘመን መለወጫ ሰሞን ከ270 የሚበልጡ የሰላም ጓዶች መጡ፤ መሪያቸው ሃሪስ ዎፎርድ ነበሩ። ከመምጣታቸው በፊት በዋሺንግተን በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋጁ አማርኛ ጀምረው ነበር። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ስለ ነበረ፥ መምህርም እጅግ ስላነሰ፥ ብዙዎቹ በየጠቅላይ ግዛቱ ተመድበው አስተማሩ። በዚያን ዘመን የተማሩ ታላላቆቻችን ስለ እነዚያ መምህራን ሲያወሩ ብዙ ጊዜ የሚያነሡት የሰዋስው ትምህርታቸውን አይደለም፤ ማን በአማርኛ ይጫወት እንደ ነበረ፥ ማን ለቅሶ ይደርስ እንደ ነበረ፥ ማን ከተማሪው ቤት ገብቶ እንጀራ ይቈርስ እንደ ነበረ ያነሣሉ እንጂ።

ነገሩ ሁሉ ግን ምስጋና ብቻ አልነበረም። በ1960ዎቹ መጨረሻ የተማሪዎች እንቅስቃሴ የሰላም ጓዶችን የባዕድ መንግሥት መሣሪያ ናቸው ብሎ ተቃወማቸው። አብዮቱ ከፈነዳ በኋላም በ1977 ድርጅቱ ከአገር ወጣ፤ የተመለሰው በ1995 ነው። በዚያ ነቀፌታ እውነት የሆነውንና ያልሆነውን መለየት የታሪክ ጸሓፊዎች ፈንታ ነው። እኔ ግን አንድ ጥያቄ አነሣለሁ። በጎ ፈቃደኛ መምህር በመንግሥታት ጠብ ይሁን በደዌ ወይም በጊዜው መፈጸም አንድ ቀን መሄዱ አይቀርም። በሄደ ማግስት የክፍሉ በር ይዘጋል ወይስ ሌላ መምህር ቆሞ ያስተምራል?

ለዚህ ጥያቄ መልካም መልስ የሚሆን ታሪክ በፊሊፒንስ አገር ተደርጓል። ፍራንክ ላውባክ የተባሉ አሜሪካዊ ሚስዮናዊ በ1930 ገደማ ሚንዳናው በምትባል ደሴት፥ ማራናው በተባሉ እስላሞች መካከል ተቀመጡ። ሕዝቡ በባዕዱ ሰው ላይ እምነት አልነበረውም። እርሳቸው ግን የራሳቸውን ቋንቋ ከማስተማር ይልቅ የማራናውን ቋንቋ ከሕዝቡ ተማሩ፤ ቋንቋውን በላቲን ፊደል ጽፈው ለንባብ የሚሆን ሰሌዳ አዘጋጁ፥ ሕዝቡም በገዛ ቋንቋው ማንበብ ጀመረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዓለም ንግድ ወድቆ ከአሜሪካ ይመጣ የነበረው ገንዘብ ሲቋረጥ፥ ለመምህራኑ የሚከፈል ጠፋ። ያን ጊዜ ከአገሩ ሹማምንት አንዱ፥ የተማረ ሁሉ ሌላውን እንዲያስተምር ፈረደ። ሥራውም በገንዘብ እጦት መሞት ሲገባው በረታ፤ ይህም ሥርዐት ወደ ብዙ አገሮች ተዳረሰ። ያን ያዳነው የባዕዱ ሰው ብልሃት ብቻ አይደለም፤ ትምህርቱ የሕዝቡ ስለ ሆነ ሕዝቡ ራሱ አዳነው።

አባቶቼ፥ ይህ የእኛ የጉባኤ ቤት ሥርዐት አይደለምን? ግእዝ ዛሬ የማንም የእናት ቋንቋ አይደለም፤ ነገር ግን የቅኔ ቤት ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲያስተምረው ኖሯል። ተማሪው አስቀድሞ ግስ ያጠናል፥ ርባ ቅምሩንና አገባቡን ይማራል፤ ነገር ግን የሌላውን ቃል ሲደግም እንዲኖር አይተውም። ገና ጥቂት እንዳወቀ ሁለት ቤት ብቻ ባላት በጉባኤ ቃና የገዛ ሐሳቡን ቈጥሮ ከመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል፥ በነጋው ሌላ ይዞ ይመጣል። የቀደመውም ለኋለኛው ግስ ያስጠናል። ልጆቼ፥ ባዕድ አገር ስትሄዱ ይህን ይዛችሁ ሂዱ። ተማሪያችሁ የቀለማትን ስም ብቻ ሲያዜም አይክረም፤ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ፥ ሁለት ቃል ብቻ እንኳ ቢሆን፥ የገዛ ነገሩን ይናገር። የገበያውን ዋጋ፥ የእናቱን ሕመም፥ የሚሻውን ሥራ ይናገር። የበረታውም ልጅ የደከመውን ያስጠና።

ከዚህም የሚበልጥ ምሥጢር በቅኔ ቤት አለ። የኔታ ያለ ደመወዝ ያስተምራል፤ ተማሪው «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ለምኖ ይበላል፤ መንደሩም ቍራሽ ይሰጣል። በዚያ ሥርዐት ሰጪ ብቻ የሆነ፥ ተቀባይ ብቻም የሆነ ሰው የለም። ስለዚህ ማንም በማንም ላይ አይኰራም፥ ማንም በማንም ፊት አያፍርም። ሁልጊዜ የሚሰጥና ከቶ የማይቀበል ሰው ግን፥ ልቡ ቅን ቢሆንም፥ ሳያውቀው ጌታ ይሆናል፤ ተቀባዩም ሎሌ ይሆናል። በጎ ፈቃደኛ መምህር ከዚህ ፈተና የሚድንበት መንገድ የመንደሩን ቋንቋ መማር ነው። አሮጊቲቱ ቃሉን ስታቀናለት፥ ሕፃኑ በአነጋገሩ ሲስቅበት፥ ያን ጊዜ እነርሱም መምህራን ይሆናሉ፤ የሚሰጡት አገኙ ማለት ነው። በሰዓት በኋላ እርሱ ሲያስተምራቸው ያለ እፍረት ይቀበሉታል።

አሁን ለሚሄዱት ጥቂት ምክር ልስጥ። ቋንቋን ከእናት ጡት ጋራ መጥባት ሌላ ነው፥ ማስተማር ሌላ ነው፤ ስለዚህ የማስተማርን ጥበብ ሳትማሩ አትሂዱ። ለጥቂት ሳምንት ብቻ አትሂዱ፤ መምህር በየወሩ የሚለዋወጥበት ክፍል ሁልጊዜ ከሰላምታ ላይ ይጀምራል፥ ከሰላምታም አያልፍም። ቢያንስ አንድ የትምህርት ዓመት ቈዩ። የአገሩን መምህር ወንበር አትውሰዱ፤ ከአጠገቡ ቁሙ፥ እርሱን አግዙ፥ እናንተ ስትሄዱ የሚቀረው እርሱ ነውና። ከበጎ ፈቃደኛው ብዙ ገንዘብ የሚቀበሉ አስማሚዎች አሉና፥ ከምትከፍሉት ስንቱ ለትምህርት ቤቱ እንደሚደርስ ጠይቁ። ወላጅ ያጡ ሕፃናት ካሉበት ቤት ገብታችሁ ልባቸውን አስለምዳችሁ በጥቂት ቀን አትለዩ፤ ያ ልጅ መለየትን አስቀድሞ ጠግቦታል። ደግሞም የልጁን የእናት ቋንቋ አትናቁ። ዩኔስኮ በ1953 ባወጣው ጽሑፍ፥ ሕፃን ከሁሉ ይልቅ በሚገባ የሚማረው በእናቱ ቋንቋ መሆኑን አስታውቋል። የእናንተ ቋንቋ በዚያ ላይ የሚጨመር እንጂ ያን የሚተካ አይሁን።

«ለገዛ ወገኑ ሳያስተምር» ለሚሉት ወላጆች ደግሞ የምመልሰው ይህ ነው። እውነት ብላችኋል፤ በቤታችንም ሥራ አለ። ነገር ግን በባዕድ አገር ተማሪ መሆንን የተማረ ልጅ ወደ ቤቱ ሲመለስ ይበልጥ ይጠቅማችኋል። የድኻን ቤት ደፍ ዝቅ ብሎ መግባትን፥ የማያውቀውን መጠየቅን፥ ሲታረም አለመቈጣትን ተምሮ ይመጣልና። ወንጌል በበዓለ ሃምሳ የተሰበከው ሁሉ በየቋንቋው እየሰማ እንጂ፥ ሁሉ ወደ አንድ ቋንቋ ተሰብስቦ አይደለም። ያን የሚያነብ ቤተ ክርስቲያን ልጁን «ሂድ፥ የሌላውን ቋንቋ ተማር» ለማለት ሊፈራ አይገባውም።

እንግዲህ ልጆቼ፥ ከመሄዳችሁ አስቀድሞ የምትሄዱበትን አገር ሰላምታ፥ ምስጋናና ይቅርታ መጠየቂያውን ቃል አጥኑ፤ በእነዚህ በሦስቱ ጀምሩ። ስትመለሱም ስንት ሰው እንዳስተማራችሁ አንጠይቃችሁም፤ ከማን እንደ ተማራችሁ፥ በስፍራችሁም ማንን መምህር አድርጋችሁ እንደ ተዋችሁ ንገሩን።

እግዚአብሔር የሚሄዱትን በሰላም ያድርስ፥ የሚቀሩትን ይጠብቅ፤ ይህንንም ደብር ለሚቀጥለው ኢዮቤልዩ ያብቃልን። አሜን።