የአካዳሚ ነጻነትና የመምህሩ የሥራ ዋስትና
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



የአካዳሚ ነጻነትን ለመምህሩ ብቻ የተሰጠ ልዩ መብት አድርገው የሚመለከቱት አሉ። በመሠረቱ ግን ነጻነቱ ከሥራው ጠባይ የሚመነጭ ነው። ውጤቱ አስቀድሞ የተወሰነለት ምርመራ ምርምር አይባልም፤ ተማሪውም ከመምህሩ የሚጠብቀው መርምሮ የደረሰበትን እንጂ እንዲናገር የተፈቀደለትን ብቻ አይደለም። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ነጻነቱ በምን ይጠበቃል የሚለው ነው።

በ1837 እ.ኤ.አ. የሃኖቨር ንጉሥ ኤርንስት አውጉስት ሕገ መንግሥቱን በሻረ ጊዜ፣ ሰባት የጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮች ለሕገ መንግሥቱ የገቡትን መሐላ አናፈርስም ሲሉ በጽሑፍ ተቃወሙ። ሰባቱም ከሥራቸው ተባረሩ፤ ያዕቆብ ግሪምን ጨምሮ ሦስቱ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። ተጽዕኖው ግን ከቤተ መንግሥት ብቻ የሚመጣ አይደለም። በ1900 እ.ኤ.አ. ኤድዋርድ ሮስ የተባለው ምሁር የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲን እንዲለቅ የተገደደው፣ የተቋሙ ባለአደራ የነበሩት ወይዘሮ ጄን ስታንፎርድ አስተያየቶቹን ስላልወደዷቸው ነበር። ድርጊቱን በመቃወም ሥራቸውን ከለቀቁት አንዱ አርተር ላቭጆይ፣ በ1915 እ.ኤ.አ. ከጆን ዱዊ ጋር የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮችን ማኅበር ከመሠረቱት መካከል ነው። ይህ ማኅበር ነጻነትን በማወደስ ብቻ አልተወሰነም። መምህሩ የሙከራ ጊዜውን ሲፈጽም ቋሚ እንዲሆን፣ የሚሰናበትም ቢሆን ክሱ በጽሑፍ ደርሶት በሙያ ባልደረቦቹ ፊት መልሱ ከተሰማ በኋላ እንዲሆን ጠየቀ።

እንዲህ ያለው ሥርዓት ሲጓደል የሚደርሰውን ጉዳት የኢትዮጵያ ምሁራን በሚገባ ያውቁታል። በታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከኤርትራ ሪፈረንደም ጋር በተያያዘ ያደረጉት ሰላማዊ ሰልፍ በኃይል ተበተነ። በዚያው ዓመት ከ40 የሚበልጡ መምህራን በአንድ ጊዜ ከሥራ ተሰናበቱ፤ ከነሱም መካከል ስመ ጥሩው የቀዶ ሕክምና ሊቅ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ይገኙ ነበር። እንዲህ ያለ እርምጃ የሚጎዳው የተሰናበተውን ብቻ አይደለም። የመመረቂያ ጽሑፉን የጀመረ ተማሪ አማካሪውን ያጣል፤ በሥራው ላይ የቀረው መምህርም ከማስተማሩ በፊት ቃላቱን መመዘን ይለምዳል። የዝምታው ዘመን ከስንብቱ ዘመን ይልቅ ይረዝማል።

ዩኔስኮ በ1997 እ.ኤ.አ. ስለ ከፍተኛ ትምህርት መምህራን ያወጣው የውሳኔ ሐሳብም የሥራ ዋስትናን ከነጻነቱ ዋና ጠባቂዎች አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። በኢትዮጵያም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152 ለአካዳሚ ነጻነት ዕውቅና ሰጥቷል፤ በ2015 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1294 ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ የሚሆኑበትን መንገድ ከፍቷል። ይሁን እንጂ የተቋም ነጻነትና የመምህር ነጻነት አንድ አይደሉም። ሚኒስቴር የማያዘው ዩኒቨርሲቲ መምህሩን ራሱ ሊጫነው ይችላል። አዋጁ በሥራ ቅጥር ውሉና በዲሲፕሊን ደንቡ ውስጥ ካልሰፈረ፣ መምህሩ በችግር ቀን የሚይዘው ነገር አይኖረውም።

ነጻነቱ ግዴታም አለበት። መምህሩ የማስተማሪያ ክፍሉን የፖለቲካ መድረክ እንዲያደርገው፣ ወይም ስንፍናውን በነጻነት ስም እንዲሸፍን አይፈቅድለትም። የሌላውን ሥራ የራሱ አድርጎ ያቀረበ መምህር ሊጠየቅ ይገባል፤ የሚመዝነው ግን ሙያውን የሚያውቅ ዳኛ ሊሆን ይገባል።

ስለዚህ የመምህራን ማኅበር የሚጠበቅበት ሥራ ግልጽ ነው፤ የአባላቱን የቅጥር ውል መመርመር፣ መምህሩ የሚሰማበት ሥርዓት በደንብ እንዲጻፍ መጠየቅ፣ በአስተሳሰቡ ለማይስማሙት ባልደረባም ጭምር እኩል መቆም ነው። አባቶች «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» እንዳሉት፣ ደንቡ ሊጻፍ የሚገባው ማንም ሳይከሰስ፣ ማንም ሳይሰናበት፣ በሰላሙ ቀን ነው።