መረታቱን እያወቀ የቆመ ጠበቃ



አሜሪካዊቱ ደራሲ ሃርፐር ሊ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመችው “ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ” በተባለው ልብ ወለድ፥ በአላባማ ግዛት ቶም ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር ሰው ነጭ ሴት ደፈረ ተብሎ ተከሰሰ። ሴቲቱ የተመታችው በፊቷ ቀኝ በኩል ነው፤ ይህም የግራኝ ምት ነው። የቶም ግራ እጅ ግን ሽባ ነበረ፤ ግራኙ የሴቲቱ አባት ነበር። ጠበቃው አቲከስ ፊንች ይህን ሁሉ ገልጦ አሳየ፤ ነጮቹ ፈራጆች ግን እውነቱን በዓይናቸው እያዩ ፈረዱበት።

አቲከስ እንደሚረታ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ሆኖም ለእውነት ሳልቆም ልጆቼን እንዴት እመክራለሁ ብሎ ተሟገተ።

ጓደኞቼ፤ ከመካከላችን አንዱ በዘሩ ወይም በድህነቱ ምክንያት በሐሰት ሲወነጀል ዝም ያልን እንደ ሆነ፥ ከእነዚያ ፈራጆች በምን እንለያለን?